የመጨረሻው ቃል የማን ይሁን?

ባለፈው ወር አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የጻፈችልኝ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ለስልክ የሚሆን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ጀምራ ኮዱን ለማንም ክፍት አድርጋዋለች፤ ሦስት በጎ ፈቃደኞችም ያግዟታል። «ጋሼ፣ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ በማንስማማበት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእኔ ቢሆን ምን ነውር አለው?» ትላለች። ምንም ነውር የለውም ብዬ ልመልስላት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ትዝ አለኝና እጄ ቆመ።

በዚያ ዘመን ቀን ቀን ባንክ ውስጥ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ለአማርኛ የፊደል ግድፈት ማረሚያ የሚሆን የቃላት ዝርዝር አዘጋጅ ነበር። ሀንስፔል የሚባለው፣ ዛሬም በሊብሬኦፊስና በፋየርፎክስ ውስጥ ያለው ነፃ ማረሚያ፣ ለአንድ ቋንቋ የሚፈልገው ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ የቃላቱ ዝርዝር ሲሆን፣ ሌላው ቃላቱ ከፊትና ከኋላ የሚቀበሏቸውን ምዕላዶች የሚገልጽ ሕግ ነው። የአማርኛ ግስ ስንት መልክ እንደሚያወጣ ለምታውቁ፣ ሁለተኛው ፋይል ምን ያህል እንቅልፍ እንደነሳኝ መናገር አያስፈልገኝም። አራት ሆነን ነበር የምንሠራው። ከአራታችን አንዱ ደሴ የሚኖሩ፣ ስለ ኮድ ምንም የማያውቁ የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት እየሄዱ የሳምንቱን ዝርዝር ይልኩልኛል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ (እ.ኤ.አ. በ1999 ነው) አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነውም፣ ኢንተርኔት ቤቱ የነበረው ከዩኒኮድ ጋር የማይገጥም አሮጌ ፎንት ስለነበር፣ የላኩትን ሁሉ እኔ እለውጠው ነበር።

በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ቃላት ላኩ። እያንዳንዱ ቃል በግዕዝ ሥሩ የታረመ ነበር፤ ሥራ በንጉሡ ሠ፣ ዓለም በዓይኑ ዐ፣ ሕፃን በሐመሩ ሐና በፀሐዩ ፀ። እኔ ደግሞ ሕዝቡ «ስራ» ብሎ ሲጽፍ ከሥሩ ቀይ መስመር ካሰመርንበት ማረሚያውን ዘግቶ ይሄዳል እል ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ተጻጻፍን፤ አልተግባባንም። አንድ ዓርብ ሌሊት አሥር መስመር የማትሞላ ኮድ ጽፌ፣ ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐና ብዙኃኑን ኀ በሃሌታው ሀ፣ ዓይኑን ዐ በአልፋው አ፣ ፀሐዩን ፀ በጸሎቱ ጸ ተካሁና አዲሱን እትም በዚያው ሌሊት ለቀቅሁት። የስምንት ወሩን ድካም ለመደምሰስ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። መምህሩ በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት እንደሚገቡ አውቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ዓርብን የመረጥኩትም ስለማውቅ ነው።

መልሳቸው ሁለት መስመር ነበር። «ሠዓሊውና ሰአሊው አንድ ሰው ሆነዋል። ሥራው ይቃናልዎ።» ሥዕል የሚሠራውና የሚለምነው፣ በንጉሡና በእሳቱ የሚለያዩት ሁለቱ ሰዎች ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልጻፉልኝም። መጀመሪያ እፎይ ብዬ ነበር፤ ክርክሩ አለቀ ብዬ። የቀሩት ሁለቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ቀስ በቀስ ራቁ፣ እኔም ሥራ ቀየርኩ፣ የይለፍ ቃሉ በእኔ እጅ ብቻ ስለነበረም ፕሮጀክቱን የሚያነሳው ሰው ጠፋ።

በሐሳቡ ተሳስቼ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አላምንም። ሕዝቡ ዛሬም «ስራ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ግን ሁለቱንም አጻጻፍ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይቻል ነበር፤ ሀንስፔል አይከለክልም። ይህ መፍትሔ ያልታየኝ ስላልጠየቅሁ ነው። ደመወዝ በሚከፈልበት መሥሪያ ቤት አለቃውን ያልወደደ ሰው ለወር መጨረሻው ሲል ያጉረመርማል እንጂ ይቆያል። በፈቃዱ የመጣ ሰው አያጉረመርምም፤ አንድ ቅዳሜ ይቀራል፣ እናንተም የምታውቁት ከወራት በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ በሰፈራችን ዕድር ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በመተዳደሪያ ደንብ ይመረጣሉ፤ ድንኳኑን የገዛ ሰው እንኳ ድንኳኑ የእኔ ነው አይልም። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ይህ ሁሉ ጠፋኝ። ዴቢያን የተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አለው፤ መሪው በየዓመቱ ይመረጣል፤ በምርጫው ወረቀት ላይም «ከእነዚህ አንዳቸውም አይሁኑ» የሚል አማራጭ አለ። አባላቱ በድምፅ ብልጫ የመሪውን ውሳኔ መሻር ይችላሉ። አፓቺ በሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ድርጅት ፕሮጀክቶች ደግሞ አንድ ሐሳብ ከቀረበ በኋላ በተለምዶ 72 ሰዓት ይጠበቃል፤ የኮድ ለውጥን የሚቃወም ሰውም ተቃውሞው እንዲጸና ቴክኒካዊ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ሰዓቱ የተበጀው በተለያየ አህጉር ያሉ ሰዎች እንዲደርሱ ነው። ለደሴው መምህር ግን 72 ሰዓት አይበቃም ነበር፤ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስሉት። ደንብ የምትጽፉ ከሆነ ኢንተርኔት ለማግኘት በጣም በሚቸገረው አባላችሁ ልኩት።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ አንድ መስመር ኮድ ሳትጽፉ ዓርማ ታሠራላችሁ፣ የቴሌግራም ቡድን ትከፍታላችሁ፣ ከስማችሁ ሥር «ፋውንደር» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። መሥራችነት ግን የሚያረጅ ሥልጣን ነው። የኮድ መጻፊያ ቋንቋው የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ለብዙ ዓመታት የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበር፤ በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. በአንዲት ትንሽ የአጻጻፍ ምልክት ላይ ከተነሣ አድካሚ ክርክር በኋላ ወንበሩን ለቀቀ። ቦታውን የወሰደው በምርጫ የሚሰየም የአምስት ሰዎች ምክር ቤት ነው፤ ከአንድ ቀጣሪ ድርጅትም ከሁለት ሰው በላይ አይቀመጥበትም።

ታዲያ የፕሮጀክቱን ቁልፍ ለሁሉም አድሉ ማለቴ ነው? እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ኤክስዚ ትዝ ሲለኝ ግን እጄ ተያዘ። ያን ብዙ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የፋይል ማመቂያ ለዓመታት የጠበቀው አንድ የደከመ ሰው ነበር፤ ረዳት ጨምር እያሉ የማያውቃቸው ሰዎች ወተወቱት፤ ጂያ ታን በሚል ስም ለሁለት ዓመት ያህል በትጋት የሠራው ሰው ቁልፉን ካገኘ በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድብቅ በር ከፈተበት። የተገኘውም አንድ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ልብ ስላለ ነው። እኔ ቁልፉን ሳልሰጥ አጠፋሁ፣ የኤክስዚው ጠባቂ ሰጥቶ ሊጠፋ ነበር። ለዚህ ቀመር የለኝም። መምህሩን ግን ለስምንት ወር በየቅዳሜው አውቃቸው ነበር።

ለአንቺ ለጠየቅሽኝ፣ የመምህሩ ፋይል ሳይነካ፣ በንጉሡ ሠ እንደተጻፈ እኔ ዘንድ አለ። እልክልሻለሁ። ከመቀበልሽ በፊት ግን ሦስቱን ልጆች ጠይቂያቸው፤ በአሁኑ ሳምንት ኢንተርኔት የሌለው ካለ ደግሞ እስኪያገኝ ጠብቂው።