ከአስፋልቱ ስር ያለውን የሚያውቀው ጓደኛዬ

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ወረዳና ክፍለ ከተማ የተመደባችሁ ወጣት መሐንዲሶች፣ ስለ አንድ ጓደኛዬ ላውጋችሁ። ባለፈው ጥር ቀበርነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባን በጎርፍ መውረጃ ሥራ አገልግሏል። አብረን ነው የተመረቅነው። እኔ ከአራት ዓመት በኋላ ደመወዝ ወደሚሻልበት የግል ድርጅት ሄድኩ። እሱ እዚያው ቀረ።

ለብዙ ሰው የከተማ አስተዳደር ማለት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የፒያሳው ማዘጋጃ ቤት ነው። ለእሱ ግን ከአስፋልቱ ስር ያለው ቱቦ ነበር። «ይቺ ከተማ ተዳፋት ናት» ይላል ሁሌ። እውነቱን ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ 2,100 ገደማ። የዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ቦዩ በሃይላንድ ጠርሙስና በፌስታል ከተደፈነ ውሃው ሰው ቤት ይገባል። መጀመሪያ የሚገባው ወንዝ ዳር ካለችው የጭቃ ቤት ነው።

ስለዚህ ግንቦት ሲመጣ ቢሮ አይገኝም። ቦቲውን አጥልቆ የማንሆል ክዳን እያስከፈተ ይዞራል። አንድ ቀን አብሬው ነበርኩ። አንድ ሥራ ተቋራጭ ጨርሻለሁ ብሎ ፊርማ ይጠብቃል። ውሉ ላይ ያለው ቱቦ ባለ 90 ሳንቲሜትር ነው። ጓደኛዬ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሜትሩን ዘረጋ። 60። አልጮኸም። ሰውየውን ወደ ታች ጠራውና ሜትሩን አስይዞ «አንተው አንብበው» አለው። ተቆፍሮ እንደገና ተሠራ።

እባካችሁ ሳታዩ አትፈርሙ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ማየት አይባልም። ባለጉዳይንም «ነገ ና» እያላችሁ አታመላልሱ። እሱ የማይሆን ነገር ሲጠየቅ ወንበር ስቦ ያስቀምጥና አይሆንም፣ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ ያስረዳል። ተናዶ የሚወጣ አለ። ግን በማግስቱ ሥራ ፈትቶ፣ የታክሲ ከፍሎ አይመለስም።

«ጊዜህን እዚያ አቃጠልከው» ያልኩት ስንቴ ነው! ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐምሌ ላይ በሌሊት ይደውልልኝ ነበር። «ዝናቡን ትሰማለህ? የቀበናው ቦይ ይችለው ይሆን?» በመጨረሻው ክረምቱ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከዘራውን ተደግፎ አብረን ሄድን። ውሃው ድፍርስ ብሎ፣ መንገዱን ሳይነካ፣ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ «በል፣ ቡና እንጠጣ» አለኝ።