«ተንዛዛ» ብቻ አይበቃም፦ የሳምንቱ ድራማና ኮሜዲ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትማችን «ሳምንቱን ሙሉ በቴሌቪዥን የተከታተላችሁትን ኮሜዲና ድራማ እንዴት አያችሁት?» ብለን ነበር። ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አስተያየትም ጥያቄም ይዘዋል። ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ሁለት ኮሜዲና ሦስት የአገር ውስጥ ድራማ አያለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ወደ አማርኛ የተመለሰ ተከታታይ አለኝ። አስተያየት ልጽፍላችሁ ስቀመጥ ግን «ደስ ይላል» ወይም «ተንዛዛ» ከማለት አላልፍም። ምን ላድርግ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ «ተንዛዛ» ያሉት ልክ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ደራሲው ይህን አንብቦ የትኛውን እንደሚቆርጥ አያውቅም። ስለዚህ ድራማው ሳይጀምር ደብተር፣ እስክሪብቶና ሰዓት አጠገብዎ ያድርጉ። ለአንድ ክፍል አንድ ገጽ ይበቃል። ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፤ በግራ ደቂቃው፣ በመሀል የሆነው ነገር፣ በቀኝ የተሰማዎት። ቦታው ወይም ጊዜው በተቀየረ ቁጥር አዲስ ትዕይንት ነውና አንድ መስመር ይጻፉ። ማስታወቂያ ሲገባ ሰዓቱን ያቁሙት፤ አለበለዚያ የማስታወቂያው ደቂቃ በድራማው ላይ ይቆጠርበታል።

ከዚያ በየትዕይንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ ይህ ቢወጣ ታሪኩ ይጎድላል ወይ? የማይጎድል ከሆነ ክብ ያድርጉበት። ሲያልቅ ክቦቹን ይቁጠሩ። ለምሳሌ 30 ደቂቃ በፈጀ ክፍል 14 ትዕይንት ኖሮ 5ቱ ክብ ቢደረግባቸው፣ አምስቱም ተደምረው 11 ደቂቃ ቢሆኑ፣ «ተንዛዛ» ያሉት ነገር ከሲሶ በላይ መሆኑ በቁጥር ተገኘ ማለት ነው።

ክብ የሚበዛባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። መኪና ይቆማል፣ በር ይከፈታል፣ ደረጃ ይወጣል፣ በር ይንኳኳል፣ «ግባ»፣ «ቁጭ በል»፣ «ሻይ ላምጣልህ?» ይባላል፤ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ሌላው የስልክ ንግግር ነው። ተመልካቹ አሁን በዓይኑ ያየውን ነገር ገጸ ባሕርዩ ለጓደኛው እንደገና ይተርክለታል። ይህ የሚመጣው በስንፍና ብቻ አይደለም። ሳምንታዊ ድራማ የተመደበለትን ሰዓት መሙላት አለበት፤ ሳሎን ውስጥ የሚቀረጽ ወሬ ደግሞ ሰውና መኪና ይዞ ውጭ ከሚቀረጽ ትዕይንት ይረክሳል። ስለዚህ ታሪኩ ሲሳሳ የመጀመሪያው መሙያ ሳሎን ነው።

ስለ ትወና ሲጽፉ የሚናገረውን ትተው የሚያዳምጠውን ይዩ። ተናጋሪው ቃል አለው፤ አድማጩ ያለው ዓይኑና ትንፋሹ ነው። ተራውን እየጠበቀ ከሆነ ዓይኑ ወሬው ሳያልቅ ይነቃል፤ መልሱንም የሌላው ቃል ጆሮው ሳይገባ ይለዋል። በእውነት የሚያዳምጥ ተዋናይ ግን የሚጎዳውን ቃል ሲሰማ ፊቱ የሚለወጠው እዚያው ቃሉ ላይ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተውን ተዋናይ በክፋቱ አይውቀሱት። እርስዎን እስኪያናድድ ከተጫወተ ሥራውን ሠርቷል።

አንድ ክፍል ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ ሦስት ተከታታይ ክፍል ይዩ። አስተያየትዎን ግን ሦስተኛውን ባዩበት ሌሊት ይጻፉት፤ 150 ቃል ካለፈ ይከርክሙት።

ጥያቄ፦ በኮሜዲ ውስጥ የጎንደር ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ ዱላ የያዘና የሚጮህ ነው። ቅሬታችንን እንዴት ብንጽፍ ይሰማናል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ቅሬታው ትክክል ነው፤ እኛም እንጋራዋለን። ነገር ግን «ባህላችን ተሰደበ» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ ሲነበብ አዘጋጁ ይከላከላል እንጂ አያርምም። ቃሉንና ደቂቃውን ይጥቀሱ፤ እዚህ እንዴት እንደሚባልም አጠገቡ ይጻፉ።

ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው «አንቱ»ን መተው ነው። እኛ ዘንድ ልጅ አያቱን «አንቱ» ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ «እርስዎ» ይባላል። ግሡ ያው ነው፣ «ይምጡ»፣ «ይቀመጡ»። የሚለወጠው መጥሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ በጽሑፉ ላይ አንድ ቃል ማረም ይበቃል፤ ያ አንድ ቃል ግን ቤቱን ወይ ጎንደር ያደርገዋል ወይ ቦሌ። ሁለተኛው አነጋገሩ ነው። ተዋናዩ «ሂዷል» የምትለዋን ይዞ የቀረውን በጩኸት ይሞላዋል። የአገሬው አነጋገር ግን ያለው በዜማው ነው፤ የትኛው ቃል ላይ ይረገጣል፣ የትኛው ይሳባል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተዋናዩ ከአንዲት የጎንደር እናት ጋር ቡና እየጠጣ 20 ደቂቃ ወሬ በስልኩ ይቅዳ፣ ከአሥር ጊዜ በላይ ይስማው፣ ከዚያ አብሮ እየተናገረ ይለማመድ።

ሦስተኛው ፉከራ ነው። ፉከራና ሽለላ ቦታ አላቸው፤ ሠርግ አለ፣ ድግስ አለ፣ የጀግና መታሰቢያ አለ። ቡና ቤት ገብቶ ሻይ ሲያዝዝ «ዘራፍ!» የሚል ሰው ግን የለም። ጀግንነትን የሚያህል ነገር የሻይ ማዘዣ ሲሆን፣ በኋላ ገጸ ባሕርዩ በእውነት የሚፎክርበት ቀን ቢመጣ ተመልካቹ ይስቅበታል። ኮሜዲው ራሱ ይጎዳል ማለት ነው። የፋሲል ግንብን ከላይ አሳይቶ ወዲያው ማንም የማያውቀው ሳሎን ውስጥ መግባትም እንዲሁ ነው፤ ግንቡ የከተማዋ መታወቂያ ነው እንጂ ታሪኩን ጎንደር አያደርገውም።

ጥያቄ፦ ኮሜዲው ላይ የተቀዳ ሳቅ ይሰማል፣ እኛ ቤት ግን የሚስቅ የለም። ለምን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ቀልዱ ከተነገረ በኋላ ስለሚቀጥል ነው። ይህን ይመልከቱ፤ ተከራይና አከራይ በር ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ጨርሼ መጣሁ።»
«ኪራዩን?»
«ሰበቡን።»

እዚህ ላይ ቢቆም ያስቃል። ብዙ ጊዜ ግን የምንሰማው «ሰበቡን ጨርሼ ነው እንጂ ኪራዩንማ አልያዝኩም፣ ደመወዝ አልገባልኝም» የሚለውን ነው። «ሰበቡን» የምትለው ቃል ዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ተቀበረች፤ የተከተለው ሁሉ ማብራሪያ ሆነ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ይህ አደጋ አለበት፤ የሚያስቀው ቃል ግስ ካልሆነ ግሡ በላዩ ላይ ይመጣበታል። ጎበዝ ደራሲ ወይ ግሡን ይጥለዋል፣ ወይ ጥያቄውን ለሌላው ሰው ሰጥቶ መልሱን አንድ ቃል ያደርገዋል። የሰምና ወርቅ ልማድ ያለው ሕዝብ ነንና ኅብረ ቃሉ ሲፈታለት አይወድም።

በደብተርዎ ላይ እርስዎ በሳቁ ቁጥር «ሳ»፣ የተቀዳው ሳቅ በተሰማ ቁጥር «ቅ» ይጻፉ። ቅ 20 ሆኖ ሳ 3 ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ ይላኩልን። የተቀዳው ሳቅ የሚቀጥለውን ንግግር ከሸፈነም ደቂቃውን ይያዙ፤ ያ የአርትዖት ስህተት ነው፣ የተዋናዩ አይደለም።

ጥያቄ፦ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ሲቀርቡ ለምን አያልቁም? ከንፈሩስ ለምን አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይገጥምም? (ከአራዳ)

መልስ፦ ቱርክ ውስጥ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን በአጫጭር ክፍሎች ይቆራረጣል። ስለዚህ የክፍሉ ቁጥር ይበዛል፣ ታሪኩም መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የውጭ ተከታታዮችን በየቀኑ ማየት ለመድን፤ ሳምንት ጠብቆ ከሚመጣው የአገር ውስጥ ድራማ ጋር በፍጥነት ማወዳደር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከንፈርን በተመለከተ ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ ይህ ለተርጓሚው ትልቅ እርዳታ ነው። የሚያጋልጠው «ም»ና «ብ» ነው። ከንፈር በነዚህ ድምፆች ይዘጋል፤ ፊቱ በቅርብ በሚታይበት ጊዜ ከንፈሩ ተዘግቶ «ና» ወይም «ሂድ» ከተሰማ ዓይን ይይዘዋል። ከሩቅ ሲታይ ግድ የለም። መጥሪያውንም ያስተውሉ። ቱርክኛ የአክብሮት «እርስዎ» አለው፤ ታላቅን የሚጠሩበት «አቢ» እና «አብላ» የሚሉ ቃላትም አሉት። እነሱን «ጋሼ»ና «እትዬ» ያለ ተርጓሚ ያውቃል። «ወንድሜ» እያለ የሚያልፈው ግን የቤተሰቡን ደረጃ ሁሉ ያፈርሰዋል።

ጥያቄ፦ ሙዚቃው ቤቱን ያናውጣል፣ ንግግሩ ግን አይሰማም። ጥፋቱ የማን ነው? (ከቸቸላ)

መልስ፦ መጀመሪያ ቤትዎን ይፈትሹ። ቴሌቪዥኑን ከስፒከር ጋር በጃክ ካገናኙት ጃኩ እስከ መጨረሻው መግባቱን ይዩ። የጃኩ ሥር በደንብ ካልነካ ስፒከሩ የሚያሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የሰው ንግግር በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀዳ ይጠፋል፤ ሙዚቃው በግራና በቀኝ ስለሚለያይ ይቀራል። ምልክቱ ንግግሩ ከጉድጓድ የሚመጣ መምሰሉ ነው። ጃኩን አውጥተው የሥሩን ብረት በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ቀጭ እስኪል ይግፉት። ቀጥሎ ሪሲቨሩ ላይ ኦዲዮው «ስቴሪዮ» መሆኑን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ የድምፁ ምርጫ «ሙዚቃ» አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ከዚያ ወደ ዜና ይለፉ። የዜና አንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ እየተሰማ ድራማው ላይ ሲመለሱ ንግግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የድራማው ነው፤ ደቂቃውን ጽፈው ይላኩልን።