«ኤብራምስ ለምን ይለወጣል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የስፖርት አምድ አዘጋጅ። የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። ቤዝቦልን መከታተል የጀመርኩት ዋሽንግተን ናሽናልስ ዋንጫ ባነሣበት በ2019 ነው፤ ልጄም እዚሁ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ከእኔ ይልቅ ጨዋታውን ያውቀዋል። ሁለታችንም አብልጠን የምንወደው ሾርትስቶፑን (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከለውን) ሲ.ጄ. ኤብራምስን ነው። የ2025 የውድድር ዘመን ካለቀ ወዲህ ግን ክለቡ ወደ ሌላ ክለብ ሊለውጠው ነው የሚል ወሬ በየሳምንቱ ይሰማል። የሥራ ባልደረቦቼ «ዋጋው ሳይወርድ አሁኑኑ ይለወጥ፤ ኳስ አያያዙ ደካማ ነው፤ የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ሲመጣ ይቀዘቅዛል፤ ቡድኑም ለማሸነፍ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ገና የ25 ዓመት ወጣት የሆነን እንዲህ ያለ ተጫዋች አሳልፎ መስጠት ትክክል አይመስለኝም። «አንተ የምትናገረው በፍቅር ነው» ብለው ያቋርጡኛል። ሙግቴ የደጋፊ ስሜት ብቻ ነው ወይስ ምክንያት አለው? ቢያብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አ. መ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የተከበሩ አ. መ.፣ ሙግትዎ ምክንያት አለው፤ ይህን የምለውም እኔም የዚሁ ተጫዋች ደጋፊ መሆኔን ሳልደብቅ ነው። ባልደረቦችዎን በመጀመሪያ በቁጥር ይመልሱላቸው። ኤብራምስ ሙሉ የውድድር ዘመን ለዋሽንግተን በተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት፣ በ2023 18 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቶ 47 ቤዝ ሰርቋል፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ በሩጫ ወደሚቀጥለው ቤዝ ደርሷል፤ በ2024 20 ሆም ራንና 31 ስርቆት፣ በ2025 ደግሞ 19 ሆም ራንና 31 ስርቆት አስመዝግቧል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የ2023ቱ 47 ስርቆት ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ከተዛወረ ወዲህ በአንድ ዘመን የተመዘገበ ከፍተኛው ቁጥር ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ክብሩ በ2017 46 ቤዝ የሰረቀው የትሬይ ተርነር ነበር። በ2024ም በሊጉ የኮከቦች ጨዋታ ላይ እንዲሰለፍ ተመርጧል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ቆሞ ከሜዳው ሁሉ አስቸጋሪ ከሆኑት የመከላከል ሥራዎች አንዱን እየሠራ፣ በየዓመቱ ሃያ ገደማ ሆም ራን የሚመታና ከሠላሳ በላይ ቤዝ የሚሰርቅ ሰው በሊጉ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይሁን እንጂ የወሬው ምንጭ ተጫዋቹ ራሱ እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የቡድኑ ሁኔታ ነው። ናሽናልስ በ2019 ዘመኑን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀምሮ ሳለ በመጨረሻ ወርልድ ሲሪስን (የዋንጫውን ፍጻሜ) አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ከተማችን አምጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስድስት ዓመት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ በልጧል። በ2022 107 ጨዋታ፣ በ2025 ደግሞ 96 ጨዋታ ተሸንፏል። በጁላይ 2025 ዋንጫውን ያመጡት የክለቡ ኃላፊ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። በእነርሱ ቦታ ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒና ሲሾም ገና የ33 ዓመት ሰው የነበረው አሠልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ተተክተዋል። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ በእጁ ያለውን ሁሉ መመዘኑ የተለመደ ነው፤ ያኔ በእጁ ከነበሩት ሁሉ ሌሎች ክለቦች ይመኙ የነበሩትም ኤብራምስን፣ ጄምስ ዉድንና ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) ማኬንዚ ጎርን ነው። ክለቦቹ በዲሴምበር በኦርላንዶ ዓመታዊ ስብሰባቸውን ሲያደርጉ የኤብራምስ ስም መነሣቱ የሚጠበቅ ነበር።

እግር ኳስን ለለመደ አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። በእግር ኳስ ክለቡ ተጫዋቹን ሲለቅ ገንዘብ ይቀበላል፤ በቤዝቦል ግን ተጫዋች የሚለወጠው በአብዛኛው በሌሎች ተጫዋቾች፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ሊግ ገና ባላዩ ወጣቶች ነው። ስለዚህ «ዋጋው ሳይወርድ ይለወጥ» ማለት በተግባር የሚታወቀውን ሰጥቶ የማይታወቀውን መቀበል ማለት ነው። ከእነዚያ ወጣቶች አንዳንዶቹ ኮከብ ይሆናሉ፤ ብዙዎቹ ግን ስማቸው ሳይታወቅ ይቀራሉ።

ዋሽንግተን ይህን ልውውጥ አሳምሮ ያውቀዋል። በጁላይ 2021 ትሬይ ተርነርና ማክስ ሸርዘር አንድ ላይ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሄዱ፤ በምትካቸው አራት ወጣቶች መጡ። ከአራቱ ፒቸሩ ጆሳያ ግሬይ በ2023 ለኮከቦች ጨዋታ ቢመረጥም በማግስቱ ዓመት ክንዱን በቀዶ ሕክምና ታክሞ ከሜዳ ርቋል፤ ኬይበርት ሩዪዝ ረጅም ውል ተሰጥቶት የተጠበቀውን ያህል አልመታም፤ የቀሩት ሁለቱ ለቡድኑ የረባ ድርሻ አላበረከቱም። ተርነር ግን በ2025 ለፊላደልፊያ እየተጫወተ በናሽናል ሊግ በመምታት አማካይ አንደኛ ወጣ። ከእርሱ ቀድሞ በ2019 መጀመሪያ ላይ ብራይስ ሃርፐር ውሉን ጨርሶ ወደዚያው ወደ ፊላደልፊያ በ330 ሚሊዮን ዶላር ሄዶ ነበር፤ በ2021ም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በሐቅ ለመናገር መሄዱ የጠቀመን ሰውም አለ። አንቶኒ ሬንዶን በ245 ሚሊዮን ዶላር ወደ ካሊፎርኒያ ከሄደ በኋላ አብዛኛውን ዘመኑን በጉዳት አሳልፏል። የ2019ኙ ወርልድ ሲሪስ ምርጥ ተጫዋች ስቲቨን ስትራስበርግም ሬንዶን በፈረመበት ወር በዚያው መጠን እዚሁ እንዲቆይ ተፈርሞለት፣ ከዚያ በኋላ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። የክለቡ ባለቤቶች ረጅም ውል መስጠት የፈሩት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን የአንድ ፒቸር ክንድ መጎዳት በሌላው ወጣት ላይ መፈረድ የለበትም።

ባልደረቦችዎ የቀድሞውን የክለቡን ኮከብ የሁዋን ሶቶን ልውውጥ እንደሚጠቅሱብዎ እርግጠኛ ነኝ፤ ከሙግታቸው ሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ሶቶ በ2022 የቀረበለትን የ15 ዓመትና የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ብሎ በኦገስት 2 ወደ ሳንዲዬጎ ተላከ፤ በምትኩ ከመጡት መካከል ኤብራምስ፣ ጎርና ዉድ ይገኙበታል፤ ሦስቱም ለኮከቦች ጨዋታ በቅተዋል። ልውውጡ ለዋሽንግተን ጥሩ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው እንደገና መለወጥን ነው ወይስ የተገኘውን መያዝን? ገበሬ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ማሳው እሸት በያዘበት ሰዓት «ከዚህ የተሻለ ዘር አገኝ ይሆናል» ብሎ ቢገለብጠው ያን ዓመትም የሚቀጥለውንም ዓመት ይራባል። ሶቶ ሲሄድ ደጋፊው የተነገረው «እነዚህ ልጆች እስኪያድጉ ታገሡ» የሚል ነበር። ልጆቹ አድገዋል። አሁን ደግሞ እነርሱን የሚተኩ ልጆች እስኪያድጉ ታገሡ ከተባለ፣ ትዕግሥቱ የሚያበቃበት ዓመት የትኛው እንደሆነ ክለቡ ሊነግረን ይገባል።

ይህን የምለው ትዕግሥቱን የሚከፍለው ደጋፊው ስለሆነ ነው። የእኛ ማኅበረሰብ ለዚህ ስታዲየም ሩቅ አይደለም፤ ከዩ ስትሪት ጣቢያ በአረንጓዴው መስመር የተሳፈረ ሰው ባቡር ሳይቀይር ከስታዲየሙ አጠገብ ባለው ኔቪ ያርድ ጣቢያ ይወርዳል። እንደ እርስዎ ቤተሰብ ሁሉ በዚህ አካባቢ ብዙ ወላጆች ጨዋታውን የተማሩት ከልጆቻቸው ነው፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድደው ተጫዋቹን ነው፣ ቡድኑን የሚወድደው በእርሱ በኩል ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልመለስ። ኳስ በመያዝና በመወርወር ረገድ ኤብራምስ ደካማ መሆኑ እውነት ነው፤ በየዓመቱ ከአቻዎቹ የበለጠ ይሳሳታል። መፍትሔው ግን ከከተማ ማስወጣት ሳይሆን ከቦታው ማንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል። የሚልዋኪው ሮቢን ያውንት በ1982 ሾርትስቶፕ ሆኖ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ከተባለ በኋላ ትከሻውን ተጎድቶ ወደ ውጭው ሜዳ (ከቤዞቹ ኋላ ወዳለው የሜዳ ክፍል) ተዛወረ፤ በ1989 የመሐሉን የውጭ ሜዳ እየጠበቀ ያንኑ ክብር ዳግመኛ ወሰደ፤ ሃያውን የጨዋታ ዘመኑንም በአንድ ክለብ ፈጸመ። የኤብራምስ ፍጥነት ለመሐሉ የውጭ ሜዳም ሆነ ለሁለተኛው ቤዝ ይበቃል። ክለቡ በ2025 ዓመታዊ የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ ከሁሉ ቀድሞ የመረጠው ኢላይ ዊሊትስ ሾርትስቶፕ መሆኑም ይነገራል፤ ነገር ግን ዊሊትስ ሲመረጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሱ እስኪደርስ ቦታውን የሚይዝ፣ ሲደርስም ጎን ለጎኑ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። በሁለተኛው አጋማሽ መቀዝቀዙ በ2024ም በ2025ም ታይቷል፤ ይህም የድካም አያያዝና የዕረፍት ጉዳይ ስለሆነ አዲሶቹ አሠልጣኞች ሊሠሩበት የሚገባ ነው። በሴፕቴምበር 2024 በሥነ ሥርዓት ጉድለት ወደ ታችኛው ቡድን መውረዱን የሚያነሡበትም አሉ፤ ተቀጥቷል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሶ ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል፤ የ23 ዓመት ወጣት በነበረበት ጊዜ ለፈጸመው ጥፋት ዕድሜ ልኩን ሊጠየቅበት አይገባም።

«ቡድኑ ለማሸነፍ ገና ነው» ለሚሉዎት ደግሞ ካንሳስ ሲቲን ይጥቀሱላቸው። ከዋሽንግተን እጅግ ያነሰ ከተማና ገበያ ያለው ይህ ክለብ በ2023 106 ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። ሾርትስቶፑን ቦቢ ዊት ጁኒየርን በመለወጥ ፈንታ በፌብሩዋሪ 2024 የ11 ዓመት ውል፣ ከ288 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቶ አስቀረው፤ በዚያው ዓመት 86 ጨዋታ አሸንፎ ከመደበኛው ዘመን በኋላ ለሚደረገው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ አለፈ። ኤብራምስ ከዊት ጋር እኩል ነው አልልም፤ ዊት በመምታትም በመከላከልም ይበልጠዋል፤ ውሉም በዚያው ልክ ያነሰ ይሆናል። የምለው፣ ተሸናፊ ቡድን ምርጥ ወጣቱን ይዞ መነሣት እንደሚችል ነው።

ኤብራምስ እስከ 2028 መጨረሻ ድረስ በክለቡ ሥር ነው። ከ2025 በኋላ ሦስት የውድድር ዘመን ማለት ነው። ስለዚህ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ክለቡ አስቀድሞ የረጅም ጊዜ ውል በቁም ነገር ያቅርብለት፤ እንደ ሶቶ እምቢ ካለ ያን ጊዜ መለወጡን መነጋገር ይቻላል፤ ዋጋውም ያኔ ቢሆን አይጠፋም። ሳይጠየቅ መለወጡን ግን እንደ እርስዎ እኔም እቃወማለሁ።

ጥያቄ፦ ኤብራምስ ራሱ «አልሄድም» ማለት ይችላል? — ከአሌክሳንድሪያ የተላከ

መልስ፦ አሁን አይችልም። ተጫዋቹ በከፍተኛው ሊግ ስድስት ዓመት አገልግሎ ነፃ እስኪሆን ድረስ ክለቡ ወደፈለገው ሊልከው ይችላል፤ ውሉም እንዳለ አብሮት ይተላለፋል፤ ፈቃዱ አይጠየቅም። ይህን ሥርዓት በግልጽ የተቃወመው የሴንት ሉዊሱ ከርት ፍለድ ነበር። በኦክቶበር 1969፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከተጫወተበት ክለብ ሳይጠየቅ ወደ ፊላደልፊያ ሲለወጥ አልሄድም አለ፤ ክስም መሠረተ፤ በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፈረደበት፤ የጨዋታ ሕይወቱም በዚያ ምክንያት አጠረ። ይሁን እንጂ በማግስቱ ዓመት የተጫዋቾቹ ማኅበር ከክለቦቹ ጋር ባደረገው ስምምነት፣ በሊጉ አሥር ዓመት የቆየና የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ መብት ተሰጠው። ኤብራምስ በከፍተኛው ሊግ መጫወት የጀመረው በ2022 ስለሆነ ይህ መብት ገና ሩቅ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠቀምበት አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ ረጅም ውል ሲፈርም ያለ ፈቃዱ መለወጥን የሚከለክል አንቀጽ እንዲገባለት መደራደር ይችላል። ብዙ ኮከቦች ይህን አድርገዋል፤ ክለቡ ውል ቢያቀርብለት እርሱም ከገንዘቡ ጋር ይህን አንቀጽ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።