ስለ ኔትወርክና ስለ ኔት ኒውትራሊቲ ጠይቁኝ

ሥራዬ ኔትወርክን ከኔትወርክ ማገናኘት ነው። ኔት ኒውትራሊቲ ማለት የኢንተርኔት አቅራቢ ለማንም ሳያደላ ሁሉንም ዳታ እኩል ያስተላልፍ የሚል መርህ ነው። ጠይቁ። ግን መጨናነቅና ማድላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አታደበላልቁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም፦ አሜሪካ ውስጥ የኔት ኒውትራሊቲ ሕግ አሁን አለ?
መልስ፦ በፌዴራል ደረጃ የለም። በ2015 ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በ2025 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጣለው። ካሊፎርኒያ የራሷ ሕግ አላት።

ዳዊት፦ ጋሼ፣ ኔትፍሊክስ በ2014 ለኢንተርኔት አቅራቢው ለኮምካስት የከፈለው ለፈጣን መስመር ነው አይደል?
መልስ፦ አይደለም! የሁሉም ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ኔትፍሊክስ ቪዲዮውን የሚልከው እንደ ኮጀንት ባሉ ዳታ አጓጓዥ ኩባንያዎች በኩል ነበር። እነሱ ከኮምካስት ጋር የሚገናኙበት ፖርት (የመገናኛው በር) ማታ ማታ ይሞላል። ፖርት ሲሞላ ራውተሩ ፓኬቶችን (የዳታውን ቁርጥራጮች) ያሰልፋል፤ ማሰለፊያው ሲያልቅበት ይጥላል። ቲሲፒ (ዳታው የሚላክበት ደንብ) ፓኬት በጠፋ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል፣ እናንተ ቤት ምስሉ ይበላሻል። የማንንም ፓኬት መርጦ ማዘግየት አያስፈልግም፤ ፖርቱን ሳያሰፉ መቀመጥ ይበቃል። ሁለቱ ወገኖች «ማስፋት ያለብህ አንተ ነህ» እየተባባሉ ከርመው፣ ኔትፍሊክስ ከፍሎ በቀጥታ ተገናኘ፤ ፍጥነቱም ተሻሻለ። የ2015ቱ ሕግ ማገድን፣ ማዘግየትንና በክፍያ ቅድሚያ መስጠትን ከለከለ። ፖርቱን ግን አቤቱታ ሲመጣ በየጉዳዩ አያለሁ ብሎ አለፈው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ማኪ፦ ኢንተርኔቴ ለምን ይንቀራፈፋል?
መልስ፦ የት? ስንት ሰዓት ላይ? በዋይፋይ ነው በኬብል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ቤቲ፦ አገር ቤት የለመድነው የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ብቻ ጥቅልስ?
መልስ፦ የዋጋ ማድላት ነው። ህንድ በ2016 ከልክላዋለች፤ ጥቂት ድረ ገጾችን በነጻ የሚያሳየው የፌስቡክ ፍሪ ቤዚክስም ከዚያ ወጣ።
ዮናስ፦ እናቴ የምታገኘኝ በዚያ ጥቅል ነው። ይከልከልባት?
ቤቲ፦ አዲስ መተግበሪያ የሚሠራው ልጅስ? ጥቅል ውስጥ ካልገባ ማን ይሞክርለታል?
ዮናስ፦ ልጁ ገና ይመጣል፤ እናቴ ግን ዛሬ ናት።
ቤቲ፦ በር ከተዘጋበት አይመጣማ!
መልስ፦ በቃ፣ ከርዕሱ ወጣችሁ። ዮናስ፣ ለእናትህ የሚበጃት ለሁሉም ነገር የሚሠራ ርካሽ ዳታ ነው።

ሀብታሙ፦ ግን ኔትፍሊክስ ለፈጣን መስመር አልከፈለም እንዴ?
መልስ፦ ከላይ አንብብ። መጨናነቅና ማድላት አታደበላልቁ ብያለሁ።

ሰላም፦ ታዲያ ቪዲዮ ላኪው ይክፈል ቢባል ምን ችግር አለው?
መልስ፦ ደቡብ ኮሪያን እዩ። በ2016 የኢንተርኔት አቅራቢዎች እርስ በርስ በላኩት የዳታ መጠን ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ። ብዙ የሚታይ ይዘት ያስተናገደ አቅራቢ ከፋይ ሆነ፤ ወጪውን ደግሞ ወደ ይዘቱ ባለቤት ገፋው። የቀጥታ ቪዲዮ መድረኩ ትዊች የኔትወርክ ክፍያው ከአብዛኞቹ ሌሎች አገሮች አሥር እጥፍ ነው ብሎ በ2024 ከኮሪያ ለቆ ወጣ።