ሪችመንድ ደርሶ መልስ፦ ስለ ሽጉጥ ፈቃድ ሕግና ስለ እንደራሴዎቻችን የጠየቃችሁኝ

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ፤ አሁን ትንሽ ሱቅ አለችኝ። መሣሪያ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አለኝ። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ እየወረድኩ የስቴቱን ሕግ አውጪዎች አነጋግራለሁ። የሚከፍለኝ የለም፤ ቤንዚኑም ከኪሴ ነው። ሰሞኑን «ስለዚህ ጉዳይ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን መልሻለሁ። ጠበቃ እንዳልሆንኩ ግን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመሣሪያ ሕግ የሚወጣው ዋሽንግተን ኮንግረስ አይደለም እንዴ? ሪችመንድ ምን ያደርጋል?

ኮንግረስ የሚወስነው በአብዛኛው ማን መሣሪያ መግዛትና ማኖር ይችላል የሚለውን ነው። ሽጉጡን ጃኬትህ ስር ሸጉጠህ መንገድ ላይ ለመሄድ ግን ሕጉ የስቴት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት፤ ሥልጠና ትወስዳለህ፤ በምትኖርበት አካባቢ ሰርኪት ኮርት ለሚባለው ፍርድ ቤት ታመለክታለህ፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥሃል፤ ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል። እያንዳንዷን ቁጥር የጻፏት ሪችመንድ ያሉት 100 ዴሊጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) እና 40 ሴናተሮች (የላይኛው) ናቸው። በ2024 መጨረሻ ላይ 29 ስቴቶች ያለ ምንም ፈቃድ ደብቆ መያዝን ፈቅደው ነበር። ያም የስቴት ምክር ቤቶች ሥራ ነው።

ደግሞ ሒሳቡን እየው። አንድ የኮንግረስ አባል 780 ሺህ ያህል ሰው ይወክላል። የቨርጂኒያ ዴሊጌት የሚወክለው 86 ሺህ ገደማ ነው። ግሮሰሪ ልታገኘው ትችላለህ። እኔ ዴሊጌቴን አንዴ ወተት ስገዛ አግኝቼዋለሁ። ስለ ሽጉጥ ግን አላነሳሁበትም፤ ልጁን ይዞ ነበር።

ጥያቄ፦ ሲቲዝን አይደለሁም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ሄጄ ብናገር ችግር ያመጣብኛል?

ሐሳብህን ለመንግሥት ማቅረብ ዜግነት አይጠይቅም። መምረጥ አትችልም፤ እሱን እንዳትሞክረው፣ መዘዙ ከባድ ነው። ግን ሰፈሩ ውስጥ ትኖራለህ፣ ግብር ትከፍላለህ፣ ልጆችህ እዚያው ይማራሉ። «ነዋሪህ ነኝ» ማለት ይበቃል። «መራጭህ ነኝ» ብለህ ግን አትዋሽ። ፈቃዱንም ቢሆን ቨርጂኒያ ቋሚ ነዋሪ ለሆነ ሰው ትሰጣለች። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ፌዴራል ሕጉ መሣሪያ መያዝ ራሱን ይከለክላችኋል።

«ሎቢስት (ሕግ አውጪዎችን ማግባባት ሥራው የሆነ ሰው) ተብዬ ልመዘገብ ይገባል ወይ?» ያላችሁም ነበራችሁ። ማንም ሳይከፍለው ስለ ራሱ የሚናገር ሰው አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ ሰላማዊ ሰልፍ ይሻላል ወይስ በግል ማነጋገር? የ2020ው ሰልፍ ምን አመጣ?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር።

የማያውቅ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በ2019 ምርጫ ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። አገረ ገዢው ራልፍ ኖርታምም ዴሞክራት ነበር። ብዙ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕጎች እንደሚመጡ ታወቀ። ቨርጂኒያ ሲቲዝንስ ዲፌንስ ሊግ የሚባለው የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር በየዓመቱ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሪችመንድ ላይ ሎቢ ዴይ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን የማነጋገሪያ ቀን፣ ያደርጋል። ሥራ የተዘጋበት ቀን ስለሆነ ሰው ይመቸዋል። ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ታዲያ 22 ሺህ የሚሆን ሰው ወጣ። ኖርታም ቀደም ብሎ የአስቸኳይ ጊዜ አውጆ ካፒቶሉን፣ ማለትም የምክር ቤቱን ሕንፃ፣ በአጥር አሳጠረው፤ ግቢው ውስጥ መሣሪያም ከለከለ። 6 ሺህ ያህሉ ፍተሻ አልፎ ገባ። የቀረው ጠመንጃውን አንግቶ ውጭ ቆመ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ደም ግን አልፈሰሰም፤ ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ ገባ።

ከዚያስ? ግዢ ላይ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ለሁሉም ሆነ፤ አለፈ። አደገኛ ከተባለ ሰው ላይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሣሪያ የሚወስደው ሕግ አለፈ። በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ አይገዛም የሚለው፣ በ2012 የተሻረው፣ ተመልሶ መጣ። የፈቃድ ሥልጠናን ኦንላይን መውሰድም ቀረ፤ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በአካል ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ እነዚህን አላስቆማቸውም።

አንድ ትልቅ ሕግ ግን ቆመ። አሶልት የሚባሉትን የወታደር መሰል ጠመንጃዎች የሚመለከተው ረቂቅ በዴሊጌቶቹ ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ደረሰ። ፌብሩዋሪ 17 የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ 10 ለ5 ድምፅ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ዓመት ገፋው። አራት ዴሞክራቶች ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ወግነው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ግን አንበሳውን ያሰሩት አራት ድምፆች ናቸው።

ሰልፉ ከንቱ ነበር እያልኩ አይደለም። እንደኔ ግምት ሴናተሮቹ ወረዳቸው ላይ ስንት ሰው እንደተቆጣ እንዲያስቡ አድርጓል። ግን ሴናተር ሲቆጥር የሚቆጥረው የራሱን ወረዳ ሰው ነው። ከሩቅ ስቴት ጠመንጃ አንግቶ የመጣውን ጎረምሳ ለምን ይስማው? እኔ በበኩሌ ያ የጠመንጃ ትርኢት ጎድቶናል ባይ ነኝ። ቴሌቪዥኑ እሱን ብቻ አሳየ። ጧት የማኅበሩን ብርቱካናማ ስቲከር ለጥፈው ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ የዋሉትን ሽማግሌዎች ማን አያቸው?

ጥያቄ፦ ስሄድ ሽጉጤን ይዤ ልግባ?

አይሆንም። ከ2021 ወዲህ ካፒቶሉም ግቢውም በሕግ የተከለከለ ነው። ፈቃድ አለኝ ማለት አያድንህም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ከየት ልጀምር? ማንን ነው የማናግረው?

በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አድራሻህን ስታስገባ አንድ ዴሊጌትና አንድ ሴናተር ይወጡልሃል። እነሱ ናቸው ያንተ ሰዎች። ቀጥሎ የረቂቁን ቁጥር ያዝ። «ስለ ሽጉጥ ሕግ» ብለህ ከሄድክ ማንም ልብ አይልህም፤ በአንድ ወቅት ስለ መሣሪያ የሚቀርበው ረቂቅ ብዙ ነው።

ጊዜው አጭር መሆኑን ደግሞ እወቅ። ስብሰባው የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። ሙሉ ቁጥር በሆነው ዓመት 60 ቀን ነው፤ ጎዶሎ በሆነው ከዚያም ያንሳል። መሃል ላይ ክሮስኦቨር የሚሉት ቀን አለ። እስከዚያ ከተጀመረበት ምክር ቤት ያልወጣ ረቂቅ አለቀለት። አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው ደግሞ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ነው፣ በጥቂት ሰዎች እጅ፣ አንዳንዴ በማለዳ፣ ገና ቡናህ ሳይወርድልህ። የሚገድሉበት ቋንቋም ጨዋ ነው፤ «ላልተወሰነ ጊዜ ታልፏል» ይላሉ። የማያውቅ ሰው ያለፈለት መስሎት ደስ ብሎት ይወጣል። እኔ ወጥቻለሁ።

ስለዚህ ምርጡ ጊዜ ከስብሰባው በፊት ነው። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር እንደራሴው ሰፈሩ ነው፣ ጊዜም አለው። ቀጠሮ ያዝ። ረዳቱን ካገኘህም አትናቅ፤ ጉዳይህን ጽፎ የሚያቀርበው እሱ ነው። በ20ዎቹ ያለ ልጅ ስለሆነ ብቻ ፊት የነሱ የኛ ሰዎች አይቻለሁ። ስህተት ነው።

እኔ መጀመሪያ ስሄድ ስድስት ገጽ ጽፌ ነበር። ረዳቷ አራት ደቂቃ ሰጠችኝ። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለሁ ስልኳ ጮኸ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ኮሚቴ ፊት ቆሜ ምን ልል እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም፤ በ2 ደቂቃ ውስጥ ቋንቋ ብዙም አይፈተንም። ስምህን፣ የት እንደምትኖር፣ የረቂቁን ቁጥር፣ ደግፈህ ይሁን ተቃውመህ ተናገር። ከዚያ ያንተን የገዛ ታሪክ። ቁጥሩን ሌላው ይናገረዋል። «ሱቄን የምዘጋው ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ የቀኑን ገንዘብ ይዤ እስከ መኪናዬ ብቻዬን እሄዳለሁ» ብትል ቀና ብለው ያዩሃል።

ቴክሳስ የሆነውን ስሙ። በኦክቶበር 1991 ኪሊን በምትባል ከተማ አንድ ሰው ካፍቴሪያ ገብቶ 23 ሰው ገደለ። ሱዛና ሀፕ የምትባል ሴት ከእናትና አባቷ ጋር ምሳ እየበላች ነበር። ሽጉጥ ነበራት፤ ግን ደብቆ መያዝ በጊዜው ክልክል ስለነበር መኪናዋ ውስጥ ትታዋለች። አባትና እናቷ እዚያው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ስቴት ለስቴት እየዞረች ይህንኑ መሰከረች። ቴክሳስ በ1995 የፈቃድ ሕጉን አወጣች፤ የፈረመው በጊዜው አገረ ገዢ የነበረው ጆርጅ ቡሽ (ልጅየው) ነበር። እሷም በ1996 ምክር ቤት ተመረጠች። በሐሳቧ ባትስማማም ያንን ምስክርነት ሰምቶ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ባንተ አልስማማም። እናት ነኝ። ሽጉጥ መንገድ ላይ እንዲበዛ አልፈልግም። ለኔስ ምክር አለህ?

እህቴ፣ ያው ነው። ደጁ አንድ ነው። እንዲያውም ባንቺ ወገን ያሉት ከኛ ይሻሉ ነበር አንዳንዴ። ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ሕፃናት በተገደሉ ማግስት፣ ዲሴምበር 2012፣ ሻነን ዋትስ የምትባል ኢንዲያና የምትኖር እናት ፌስቡክ ላይ አንድ ገጽ ከፈተች። ያ ነው ማምስ ዲማንድ አክሽን የሆነው። ዛሬ ቀይ ቲሸርታቸውን ለብሰው ሪችመንድን ይሞሉታል። የቨርጂኒያ ቴክ ቤተሰቦችም አሉ። በ2007 እዚያ 32 ሰው ተገደለ። ቤተሰቦቹ ከዚያ ጀምሮ ተመላልሰዋል፤ ማጣሪያው ለሁሉም ግዢ የሆነው በ2020 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። አንቺም ነይ፤ መንገድ ላይ ከፈለግሽ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ። ሽጉጤ ቤት ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ ኡበር እነዳለሁ። ቨርጂኒያ ፈቃድ አለኝ። ዲሲና ሜሪላንድ ስገባስ?

ወንድሜ፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። ከአሌክሳንድሪያ ዊልሰን ድልድይ ላይ ስትወጣ ትንሽ ዲሲን ነክተህ ሜሪላንድ ትገባለህ፤ ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ። ኡበርም ሊፍትም ሹፌር መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ። ተወው።

ግን ጥያቄህ ጥሩ ታሪክ አስታወሰኝ። በዲሴምበር 2015 የቨርጂኒያው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማርክ ሄሪንግ የ25 ስቴቶችን ፈቃድ መቀበል እናቆማለን አለ። አገር ተንጫጫ፤ የምክር ቤቱ ስልክ ሥራ በዛበት። ከወር ጥቂት አለፍ ሲል አገረ ገዢው ቴሪ ማኮሊፍና ሪፐብሊካኖቹ ተደራደሩ። ቨርጂኒያ የሁሉንም ስቴት ፈቃድ ልትቀበል ተስማማች። በምትኩ በቤት ውስጥ ጥቃት ቋሚ የእግድ ትእዛዝ የተጣለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ሆነ፤ መሣሪያ በሚሸጥበት ትርኢት ላይም ፖሊስ በፈቃደኝነት ማጣሪያ እንዲያደርግ ተባለ። ሁለቱም ወገን አኩርፎም ተደስቶም ወጣ። ስሄድ ሁሌ የምጠቅሰው ይሄን ነው። «ምን ብሰጣችሁ ምን ትሰጡኛላችሁ» የሚል ሰው ይሰማል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ሜሪላንድስ እንዴት ነው?

የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ውስጥ 47 ሴናተርና 141 ዴሊጌት አለ፤ ጊዜው 90 ቀን ነው። እስከ 2022 ሜሪላንድ ፈቃድ ለማግኘት «በቂና ጠንካራ ምክንያት» ትጠይቅ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 የኒው ዮርክን ተመሳሳይ ሕግ ሲሽር ያ መስፈርት ወደቀ። አመልካቹ በዛ። ምክር ቤቱ በ2023 የት የት መያዝ እንደማይቻል የሚዘረዝር አዲስ ሕግ አወጣ። መጀመሪያ ለሚያመለክት ሰው ሥልጠናው 16 ሰዓት ነው። ለመናገር አስቀድመህ ኦንላይን ትመዘገባለህ። የመመዝገቢያው ሰዓት ካለፈህ በቃ፤ ጽሑፍህም አይገባም።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ደብዳቤ ብትጽፍስ?

ስለ አንድ ረቂቅ መጻፍ ይቻላል፣ ዋና ሥራዋ እስካልሆነ ድረስ። ዕጩ መደገፍ ግን አይቻልም፤ የግብር ነፃነቷን ሊያስነጥቃት ይችላል። እኔ ግን አልመክርም። ምእመኑ በዚህ ጉዳይ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ካህናቱን ለምን እናስጨንቃለን?

ጥያቄ፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ማን ይሰማዋል? ደጅ ጥናት አይደለም ወይ?

አያቶቻችን ለአቤቱታ ጌታው ደጅ ወራት ይከርሙ ነበር። እዚህ በምርጫ ዘመን ደጅህን የሚያንኳኳው ሰውየው ነው። ያኔ በር ክፈትለት። ጥያቄህን ያኔ ጠይቀው፤ መልሱን ጻፈው። በጃንዋሪ ያንን ወረቀት ይዘህ ትሄዳለህ። ገንዘብ አይሠራም አልልህም፤ ይሠራል። ግን በአንድ ረቂቅ ላይ ከወረዳው አሥር ሰው ከደወለለት ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉን አድርገህ ቢቃወምህስ? ወይ አልፎ አገረ ገዢው ቢጥለው?

ይደርሳል። በ2024 የያኔው አገረ ገዢ ግሌን ያንግኪን በአንድ ቀን 30 የመሣሪያ ረቂቆችን ቪቶ አደረገ። ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወደቁ። በዚያኛው ወገን ያሉት ስንት ሌሊት እንደለፉ አውቃለሁ።

ለተቃወመህ ሰው የምስጋና ማስታወሻ ላክለት። ጊዜውን ሰጥቶሃል። እኔ ስለ ሥልጠና ክፍያ ያነሳሁት ረቂቅ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ቀረ፤ ዴሊጌቴም ድምፁን ከገዳዮቹ ጋር ነው የሰጠው። አመስግኜ ጻፍኩ፣ ተናድጄም ቢሆን። ኦገስት ላይ ያቺው ረዳት ደወለች። ጉዳዩ እንደገና ሊነሳ ነው፣ ሐሳብህን በጽሑፍ ትልክልኛለህ ወይ አለችኝ። ላኩላት። አንድ ገጽ።