መኪናው ግቢ ቆሞ ሲሰካ፦ ጥያቄና መልስ ለደብረ ብርሃንና አካባቢው

የኤሌክትሪክ መኪና፣ ወይም ውስጡ አልጋና ባትሪ የተገጠመለት የጉዞ ሚኒባስ ግቢ አቁመው ከቤት መብራት ለሚሰኩ ሰዎች የተከፈተ መድረክ ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከደብረ ሲና የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ (ከጠባሴ)፦ መኪናዬ የቮልስዋገን አይዲ 4 ነው። ከቻይና አብሮት የመጣው ቻርጀር ጠፍጣፋ ባለ ሦስት ጥርስ ስፒና ስላለው በአዳፕተር ነው የምሰካው። ሰሞኑን አዳፕተሩ ቡናማ ሆኗል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። ቻርጀሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ቻርጀሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ የተበላሸው አዳፕተሩ ነው። ዛሬውኑ ይጣሉት። በሁለት ብረቶች መካከል ያለው ንክኪ ሲላላ ሙቀት ይፈጥራል። ንክኪው 0.2 ኦም ብቻ ቢቃወም እንኳ፣ በ16 አምፔር 51 ዋት ሙቀት እዚያች ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ይወጣል። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ካውያ ማለት ነው፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። በ8 አምፔር ግን ወደ 13 ዋት ይወርዳል፤ አምፔሩን በግማሽ ስንቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ቡናማ የሆነ ሶኬት ካለም አብሮ ይቀየር። ውስጡ ያለው ብረት አንዴ ከጋለ ስፒናውን ጨብጦ የመያዝ ጉልበቱን ያጣል፤ በላላ ቁጥር ይግላል፣ በጋለ ቁጥር ይላላል። በካቻቢቴ ማጥበቅ ብቻውን አያድነውም።

መፍትሔው አዳፕተሩን ማስወጣት ነው። ከስፒናው ጋር የሚገጥም ባለ 16 አምፔር የቻይና ሶኬት ገበያ ላይ ስላለ ግድግዳው ላይ ያንን ያስገጥሙ። ስፒናውን ቆርጦ ሌላ መቀጠል የሚመክር ይኖራል፤ አይስሙት። በብዙዎቹ ቻርጀሮች ስፒና ውስጥ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ሲቆረጥ ጥበቃው አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ሶኬት እስኪገጠም በሌላ ደህና አዳፕተር በ8 አምፔር ይሙሉ። ከተሰካ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በመዳፍዎ ያዝ ያድርጉት፤ ለብ ካለ ምንም አይደል፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ይንቀሉ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን ቀበሌ 08)፦ ቻርጀሩ ላይ ቀይ መብራት እየበራ “ግራውንድ (የመሬት መስመር) የለም” ይላል። የጠራሁት ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱ ውስጥ የግራውንዱን ጥርስ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር በአጭር ሽቦ ላገናኝልህ፣ ይሠራል አለኝ። ላስደርገው?

መልስ፦ በፍጹም አታስደርገው፣ ወንድሜ። ቀዩ መብራት ይጠፋል፣ መኪናውም ይሞላል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ኒውትራሉ ከምሰሶው ላይ በነፋስ ቢላላ ወይም ቢበጠስ ቤት ውስጥ በበራ አምፖልና በፍሪጅ በኩል ያለፈው ፌዝ፣ ማለትም መብራት የሚያመጣው መስመር፣ መመለሻ ያጣል። የተቀጠለችውን አጭር ሽቦ ሲያገኝ በእሷ አልፎ በቻርጀሩ የግራውንድ ገመድ ወደ መኪናው አካል ይሄዳል። መኪናው ጎማ ላይ የቆመ ነው፤ 220 ቮልቱ እንደያዘው ቆሞ ይጠብቃል። እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ በሩን የሚከፍት ልጅ ነው መሬት የሚሆነው። ቻርጀሩ ቢዘጋም ፌዝና ኒውትራሉን እንጂ የግራውንዱን ገመድ አይቆርጥም። ሶኬቱ ላይ ፌዝና ኒውትራል ተገላብጠው ከተሠሩ ደግሞ የኒውትራል መበጠስም አያስፈልግም፣ ገና ሲሰካ አካሉ ይይዛል።

ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው። ከ1.5 እስከ 2.4 ሜትር የሚረዝም መዳብ የተለበጠ ዘንግ መሬት ውስጥ ይመታል፣ ከዘንጉ እስከ ማከፋፈያው (ብሬከሮቹ ያሉበት ሳጥን) 16 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይሳባል፣ ከማከፋፈያው እስከ መኪናው ሶኬት ደግሞ ከፌዝና ኒውትራሉ ጋር እኩል የሚወፍር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ይገባል። የእኛ መሬት መረሬ ነው፤ በክረምት ጥሩ ያስተላልፋል፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ግን ከዘንጉ ይለያል። ስለዚህ ጥላ ያለበትና የማይደርቅ ጥግ ይመረጥ፣ የልብስ ማጠቢያ ውኃ የሚፈስበት ቦታ ከሁሉ ይሻላል። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛ ዘንግ ቢያንስ የዘንጉን ቁመት ያህል ተርቆ ይመታና ይያያዛል። በግራውንድ መለኪያ ከ10 ኦም በታች ከመጣ ጥሩ ነው።

በመልቲሜትር ብቻ የሚለካ ባለሙያ ካጋጠመህ ተጠንቀቅ። ፌዝና ግራውንድ መካከል 220 ቢያሳይም ዘንጉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ መልቲሜትር የሚስበው ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ በዛገች ሽቦም ሙሉ ቮልት ያነባል።

ዘንጉ ካለ በኋላ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (መብራት ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ) ይጨመር፣ ዓይነቱ “ኤ” ይሁን። በየሱቁ የሚገኘው “ኤሲ” የተባለው ለኤሌክትሪክ መኪና አይሆንም።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ የምጣድ መስመር አለን፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ። እሱ ላይ ብሰካስ?

መልስ፦ ሽቦው ይበቃል፣ ሶኬቱ ግን አይበቃም። ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፣ መኪናውም በ16 አምፔር እንደዚያው። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው፤ እንጀራ ተጋግሮ ምጣዱ ይነቀላል፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ግን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ በ16 አምፔር 11 ሰዓት ተኩል፣ በ10 አምፔር 18 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ሶኬቱን አዲስ አድርግ፣ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይኑረው፣ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ደግሞ መኪናው አይሰካ። ሁለቱ አንድ ላይ 32 አምፔር ያህል ናቸው፤ ዋናው ብሬከር ቢወርድ አይፈረድበትም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ መብራቱ ይወጣል ይወርዳል። ስታብላይዘር ልግዛ?

መልስ፦ ለመኪናው ገንዘብዎን ባያባክኑ ይሻላል። 3.5 ኪሎ ዋት ለሰዓታት የሚሸከም ስታብላይዘር ትልቅ ነው፣ ራሱም ይግላል። ቮልቱ ሲወርድ መኪናው አይጎዳም፣ ሙሌቱ ብቻ ይዘገያል። 16 አምፔሩ እንዳለ ሆኖ በ185 ቮልት 3 ኪሎ ዋት ያህል ይገባል።

የሚጎዳው የቮልቱ ከልክ በላይ መውጣት ነው። የጋራ ኒውትራል ሲበጠስ ባለ አንድ ፌዝ ቤት ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊገባ ይችላል፤ በአንድ ሌሊት የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ ተቃጠለ ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ማከፋፈያው ውስጥ የሚገጠም ባለ 40 ወይም 63 አምፔር ቮልቴጅ ፕሮቴክተር፣ ቮልቱ ከልክ ሲወጣ ወይም ሲወርድ መብራቱን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ላይኛውን 250፣ ታችኛውን 185፣ መልሶ የሚያበራበትን ጊዜ 300 ሰከንድ ያድርጉት። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ 30 ሰከንድ ላይ ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ክፉዎቹ፣ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም ይላል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ክረምት ላይ መብረቅ ያስፈራል። መከላከያ አለው?

መልስ፦ ዓይነት 2 የሚባል የሰርጅ (ድንገት የሚዘል የቮልት ማዕበል) መከላከያ አለ፤ ማከፋፈያው ውስጥ ይገባል፣ ሽቦዎቹ ከግማሽ ሜትር አይበልጡ፣ ግራውንድ ከሌለ ደግሞ ጌጥ ነው። መስኮቱ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ከዞረ ሥራውን ጨርሷል፣ ይቀየር። ሆኖም ቅርብ የወደቀ መብረቅን የሚያቆም ነገር የለም። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ መጀመሪያ ሙሌቱን ያቁሙ፣ ቀጥሎ ከመኪናው፣ በመጨረሻ ከግድግዳው ይንቀሉ። ነጎድጓዱ ራስዎ ላይ ከደረሰ ግን ገመዱን አይንኩ።

ጥያቄ (ከአንኮበር መንገድ)፦ ቱሪስት የምናሳድርበት ሚኒባስ አለን። ውስጡ 100 አምፔር ሰዓት ያለው ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር) እና ቻርጀር አለው። ክረምቱን ሙሉ ተሰክቶ ይቆማል፤ ባትሪው በዓመቱ ሞተ።

መልስ፦ ሁለት ነገር እንጠርጥር። አንደኛው ቻርጀሩ ነው። ባለ ትራንስፎርመር አሮጌ ቻርጀር ሞልቶም አያርፍም፤ ባትሪውን እያፈላ ውኃውን ይጨርሰዋል። ከሞላ ከአንድ ቀን በኋላ በመልቲሜትር ለኩት። ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት ከሆነ አርፏል፣ 14.4 ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከቆመ እየቀቀለው ነው። በደረጃ የሚሞላ፣ ከ10 እስከ 20 አምፔር ያለው ቻርጀር ግዙ። ብርድ ላይ ባትሪ ትንሽ ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ 5 ዲግሪ ላይ በ25 ዲግሪ ከሚሰጠው በ0.4 ቮልት ያህል። የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ቻርጀር ይህን ራሱ ያስተካክላል። ውኃውን በየወሩ እዩ፤ የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ አሲድ አይጨመርም።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ቻርጀሩ የተሰካው ከኢንቨርተሩ በሚወጣው መስመር ላይ ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ ከባትሪው ወስዶ ቻርጀሩን ያበራል፣ ቻርጀሩ ባትሪውን ሊሞላ ይሞክራል። ባትሪ ራሱን ይቀልባል ማለት ነው፤ በየዙሩ እየከሰረ እስኪደርቅ። ቻርጀሩ ከቤቱ መስመር በቀጥታ ይግባ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ኢንቨርተሩ ይጥፋ። ምንም ሳይሠራ ብቻውን 15 ዋት ቢበላ በቀን 30 አምፔር ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩንና የቤቱን መብራት ደግሞ ያለ መቀያየሪያ ስዊች አንድ ሶኬት ላይ አታገናኙ፣ ኢንቨርተሩ በቅጽበት ይቃጠላል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ከቤቱ እስከ መኪናው 30 ሜትር ነው። በዲቫይደር ይሆናል?

መልስ፦ በዲቫይደር አይሆንም። ቀጭኑ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ30 ሜትር 16 አምፔር ሲያልፍበት 11 ቮልት ይበላል፣ 180 ዋት ሙቀት ገመዱ ላይ ይቀራል። በ2.5 ወደ 7 ቮልት ይወርዳል። የእናንተ ቆላ ሙቀት ሲጨመርበት 4 ሚሊ ሜትር ካሬ በኮንዲዩት (በፕላስቲክ ቱቦ) መቅበሩ ያዋጣል። ለጊዜው በ2.5 ከሆነ በ8 አምፔር፣ ከጥቅሉም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ። የተጠቀለለ ገመድ ራሱን ያበስላል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ልጄ፣ ለሁለት ወር ከአገር ልወጣ ነው። መኪናውን ሰክቼው ልሂድ?

መልስ፦ አይሰኩት፣ ጋሼ። ትልቁን ባትሪ ከ50 እስከ 60 በመቶ አድርገው ይንቀሉት። የሚያስቸግርዎ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ነው። ቆሞ 50 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ 60 አምፔር ሰዓት ያለው በ25 ቀን ግማሽ ይሆናል። በ10 ቁልፍ የኔጌቲቩን ሞርሴቶ (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ) ይፍቱት፣ ፖዘቲቩ ይቆይ። ከመፍታትዎ በፊት ቦኔቱና በሩ በቁልፍ እንደሚከፈቱ ይሞክሩ፤ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት ኮፈን ውስጥ ባትሪውን ቆልፎ የሄደ ሲመለስ ጋራዥ ይጠራል።

ጥያቄ (ከጠባሴ)፦ የኅዳር ብርድ ሙሌቱን ያዘገየዋል?

መልስ፦ አዎ። ሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊሞላ አይወድም፣ መኪናውም ራሱ ይቀንሰዋል። ማታ ከጉዞ እንደገቡ፣ ባትሪው ሳይበርድ ይሰኩ፤ ለሌሊት 10 ሰዓት ማስጠበቁ በውርጭ ወቅት አያዋጣም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ በትንሽ ጄነሬተር መሙላት ይቻላል?

መልስ፦ አብዛኞቹ ትናንሽ ጄነሬተሮች ኒውትራላቸው ከግራውንድ ጋር አልተያያዘም፣ ቻርጀሩ ከላይ ያልነውን “ግራውንድ የለም” የሚል ቀይ መብራት ያሳይዎታል። እንዴት እንደሚያያዝ የሚያውቅ ባለሙያ ጄነሬተሩ ላይ ይሥራው፤ ሶኬቱ ላይ ወይም ቻርጀሩ ላይ ግን ማንም አይነካካ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ አይጥ ገመዱን በላው፣ መዳቡ ይታያል። በፕላስተር ጠቅልዬ ልቀጥል?

መልስ፦ ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ሳጥን ያለው ከሆነ ባለሙያ ይቀይረው፣ ከሳጥኑ እስከ መኪናው ያለው ከሆነ ደግሞ ሙሉው ይቀየር፤ ውስጡ ቻርጀሩና መኪናው የሚነጋገሩበት ቀጭን ሽቦ አለ። ሲጨርሱ ገመዱን ከመሬት አንሥተው በሚስማር ይስቀሉት።