ባለ 12 ክር ጊታር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። በስድስት ክር ጊታር ሦስት ዓመት ተጫውቻለሁ። አሁን ባለ 12 ክር አማረኝ። ብሬ ትንሽ ነው። አንድ ያገለገለ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?

መልስ፦ ልጄ፣ በደንብ ሳታየው ብር እንዳትከፍል። 12ቱ ክሮች ስድስት ጥንድ ናቸው። በአራቱ ወፍራም ጥንዶች አንዱ ክር ከሌላው በኦክታቭ (ያው ድምፅ፣ ግን በቀጭኑ) ከፍ ይላል፤ ሁለቱ ቀጫጭን ጥንዶች ግን እኩል ይቃኛሉ። ያ የምትወደው ሞላ ያለ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ግን የ12ቱ ክሮች ጉተታ ለጊታሩ ከባድ ነው።

እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ስጫወት፣ ብሪጁ (ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት እንጨት) ከጊታሩ ፊት እየተላቀቀ አየሁ። በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ቀጭን ወረቀት ይዘህ ሂድ። ከብሪጁ ሥር ከገባልህ ተወው። ከብሪጁ ኋላ እንጨቱ በጣም ካበጠም እንደዚያው። አንገቱ እንዳልጎበጠ በርዝመቱ እየው። 12ቱንም መቃኛ አዙራቸው።

አዲስ ከሆነ፣ ያማሃ ኤፍጂ820-12 ፊቱ ወጥ የስፕሩስ እንጨት ነው፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ቤት ስትገባ ጉተታው እንዲቀንስ ሁሉንም ክሮች አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ቃኝ። ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ስታስር ወደ መደበኛው ቅኝት ይመለስልሃል።